ቆጠራ

ደሴ ጉም ለብሳ፣ ጦሳ ሳይታየኝ፣
ማዘጋጃ ቤቱ ቅጽ አሲዞ ላከኝ፤
«ሂጂ ከሚሲዮን፣ ከካቶሊኩ ግቢ፣
የተቀበረውን አንድ በአንድ መዝግቢ፤
መንገድ ያልፍበታል።» ይኸው ነው ያሉኝ፤
ሜትርና ጠመኔ፣ ጃንጥላም ሰጡኝ።

የቀረውን የነገረኝ የባጃጁ ልጅ ነው፦
«እትዬ፣ እዚያ ሲመሽ የሚያልፍ የለም'ኮ።
ፋኖስ የያዘች ነጭ መነኩሲት
በመቃብሩ መሐል ስትዞር ታድራለች፤
ሰው በስሙ ትጠራለች፤
በመጀመሪያው ጥሪ «አቤት» ያለ፣ አለቀለት።
ደግሞ የዚያን ቦታ ሙት ቆጥሮ የጨረሰ
እስከ ዛሬ አልተወለደም።»
ሒሳቡን እጥፍ አደረገው፤ የፍርሃት ታሪፍ መሆኑ ነው።
በሩ ድረስ ግን አላደረሰኝም።

የብረቱ በር ዝጓል፤ የሚዘጋው በገመድ ነው።
ጠባቂው ይመር ሽፋው
የውዱእ ውሃ ከክርኑ እየተንጠባጠበ መጣ።
«አብሽሪ፣ ግቢ፤ እዚህ ያሉት ሰው አይገፉም።»
ሙታኑ ካቶሊክ፣ ጠባቂው እስላም፣
ቆጣሪዋ የመድኃኔ ዓለም ልጅ፤
ወሎ ነው፣ ማን ይገርመዋል?

ጥዶቹ ጠል ያራግፋሉ።
በሸክላ ላይ የታተመ ፎቶ፦
ጸጉሩን በቅባት ያስተኛ ጎረምሳ፣ ፈገግ ሊል ሲል የቀረ።
ጣሊያንኛው አልገባኝም፤ ስሙን ብቻ ገለበጥኩ።
ከጎኑ በእኛው ፊደል፣ ሚስማር በሚመስል ነገር ተጭሮ፣
«ወለተ ሚካኤል፣ የሚሲዮኑ ልብስ ሰፊ»።
ከእሷ በታች ሁለት ክንድ የማትሞላ ድንጋይ፣
ስም የላት፣ ዘመን የላት፤
ፍየል ተኝታባት ሙቀቷን ትታላታለች።

ከላይ ወደ ታች ቆጠርኩ፦ ስልሳ አንድ።
ከታች ወደ ላይ፦ ስልሳ ሁለት።
በጠመኔ እያሰመርኩ ደገምኩ፤
ካፊያው ከኋላዬ እየተከተለ አጠበው። ስልሳ።
ይመር ከጥዱ ሥር ሙስበሐውን እያንከባለለ
(የእሱ ቁጥር መቼም አይዛነፍም)
«አንዷ ሁልጊዜ ወጣ ትላለች» አለኝ፣
ጎረቤቱን እንደሚያማ ሰው።

ዝናቡ ሲበረታ ከቆርቆሮ ጎጆው ተጠለልን።
ከበሩ ጀርባ አካፋ፤
ብርጭቆው እንደ ዓይን የጠራ ፋኖስ፤
ከፋኖሱ አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ
አንድ የእንጨት መስቀል፤
እግሩ ላይ ያለው ጭቃ ገና እርጥብ ነው።

እኔ መስቀሉን አየሁ።
እሱ ጣሪያውን አየ፤ ዝናብ የሚያዳምጥ መሰለ።
ቆይቶ፣ ሳልጠይቀው፣
«አባቴም እዚህ ጠባቂ ነበር። አደራ ነው።
የሚወዳቸው ተሳፍሮ ሄደ፤
የሚፈራቸው እንኳ ይኑር እንጂ።»

እርሳሴን ከጆሮዬ ላይ አወረድኩ፣
መልሼ ሰካሁት።

ሲመሻሽ እስከ በሩ ሸኘኝ።
ከፊቴ ጎንበስ ብሎ ገመዱን ሲቋጥር
ከኋላዬ፣ ከጥዶቹ በኩል፣ ቀጭን የሴት ድምፅ
«ትብለጥ!» አለ።
ስሜን ለማንም አልነገርኩም።
«አ...» ብዬ አፌን ስከፍት፣
ይመር ቀና ሳይል፣ ቋጠሮውን ሳይለቅ፣
«ሦስተኛውን ጠብቂ» አለኝ።

ጠበቅን።
ሁለተኛው መጣ፣ ቀረብ ብሎ።
ከዚያ የቦርከና ውሃ ብቻ፣ ከታች፣ ድንጋይ ሲያንከባልል።
የይመር እጅ ገመዱ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር፤
ብርድ ነው አልኩ።

በማግስቱ ከቢሮ ቅጹን ዘረጋሁት፤
«ብዛት» የሚለውን ደጋግሜ አየሁት፤
«ስልሳ» ልጽፍ ብዬ፣ «ስልሳ ሁለት» ብዬ፣
«በመቆጠር ላይ ነው» አልኩበት ጠቅልዬ።
ሹሙ ሳያነበው ማኅተም መታበት፣
የወረቀቱ ጥግ ጭቃ እያለበት።