«ቀለም» የምትለው መስመር

ቲሊሊ ገበያ፣ ከሚዛኑ ማዶ፣
ወረቀቴ ርሶ፣ ጣቴ በርዶ በርዶ፣
ሻጭ፣ ገዢ፣ ዋጋ፣ ቀን፣ ሁሉን እሞላለሁ፤
«ቀለም» ስትደርስ ግን ብዕሬን እይዛለሁ።
አንዲት ጠባብ መስመር፤ ፈረስ ግን ሰፊ ነው፤
ገላውን ብጽፍባት ግንባሩን ምን ላርገው?

አያ ደምሌ ናቸው ማየት ያስተማሩኝ፣
በአርጩሜያቸው ጫፍ እያመላከቱኝ፦
«ቀይ ከሆነ ገላው ዳማ ብለህ ጥራ፤
ነጩ ካፍንጫው ድረስ ከወረደ፣ ቦራ፤
ጋማውን እይና ጭራውን አስከትል፣
ጥቁር ነው? እንደ ገላው? ሳታይ አትዝለል።
እግሩ ካልሲ ካለው ስንቱ እንደሆነ ቁጠር፤
የቀኙን ከግራው ሳትለይ አትሻገር።
ወገቡ ላይ ያለች ያች ነጭ ግን ትታለፍ፣
ኮርቻ የላጣት ናት፤ ከልደቱ አትጻፍ።»

እኔ ግን ብዙ ቀን፣ ዝናብ ሲያጣድፈኝ፣
«ዳማ» ብቻ ብዬ ስንት ቦራ አመለጠኝ።

ባለፈው ኅዳር ነው። እቴ አንጓች መጡ፣
በላስቲክ ጠቅልለው ያኖሩትን ደረሰኝ ከጉያቸው እያወጡ።
የጠፋ ፈረሳቸው፣ አራት ዓመት ሆኖት፣
ዛሬ በሽባባው እጅ ለሽያጭ አገኙት።
ፈረሱ አምባላይ ነው፣ ከጆሮው እስከ ጭራው ወተት የመሰለ።
ደረሰኙ ደግሞ፦
«ውርንጭላ። ጉራች። ግንባሩ ላይ ኮከብ አለ።»
ጽሕፈቱ የኔው ነው፤ ያን ጊዜ ጀማሪ ነበርሁ።
አሁን ሰው ሲስቅብኝ ወንበሬ ላይ ጠበብሁ።

ሽባባው ጮኸና፦ «ጉድ በሉ! ቁራ ነጣ!
እንግዲህ አህያም ቀንዷን ይዛ ትምጣ!»

አያ ደምሌ ዝም። ከንፈሩን ገለጡት፣
የዓይኑን ቆብ ገልብጠው ጥቁሩን አጤኑት።
«ውኃ» አሉ።
ከሻይ ቤቱ ጆግ መጣ።
ግንባሩ ላይ ቀስ ብለው አፈሰሱት።

ነጩ ጠጉር ተኛ።
ከሥሩ ቆዳው ጠቆረ፣ እንደ ረጠበ ሰሌዳ፤
መሐሉ ላይ ግን
እንደ ሕፃን ድድ የቀላች፣
አንድ ጫፏ ወደ ግራ የተጣመመች
ኮከብ።

ገበያው ጸጥ አለ። በግ እንኳ የጮኸ አይመስለኝም።

«እንዲህ ያለው ፈረስ ጥቁር ይወለዳል፣
ከዚያ በየዓመቱ ጥቂት ይሸብታል፤
ቆዳው ግን ያው ነው» አሉና፣ ኮፍያቸውን አንስተው
ራሳቸውን አሳዩኝ፦
«እኔንስ ያኔ ብታገኘኝ፣ ጉራች ብለህ አልነበር የምትጽፈኝ?»

ሽባባው ልጓሙን ቀስ አድርጎ ለቀቀ፤
«እኔም ከቡሬ ነው የገዛሁት» አለ፣
ለማን እንደሚናገር እሱም አላወቀ።

አዲስ ቅጽ አወጣሁ። ያችው መስመር፣ ያችው ጠባብ።
ሞላችብኝ። ወደ ኅዳጉ ወጣሁና፣
እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ ከብርዱ ይሁን ከምኑ፣
እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦

አምባላይ።
ሲወለድ ጉራች።
ኮከቡን ለማየት ውኃ ያስፈልጋል።