ወለል

ሃያ ስምንት ዓመት በአራት ክር ኖርኩ።
ሃሚልተን፣ ባርተን ጎዳና፣ ከብረት ፋብሪካው ወረድ ብሎ
የጡረተኞች ክበብ አለ፤ መድረኩ ከአልጋ አይሰፋም፤
እዚያ ከቪቶ ከበሮ ጎን፣ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ።
ቤዝ የሚጫወት ሰው አይታይም፤ ባይታይም አይከፋም።
ሰው ማቀዝቀዣውን የሚሰማው ድንገት ዝም ያለ ለታ ነው፤
የኔም ሥራ እንደዚያ ነው፤
ካለሁ ማንም አያውቀኝም፣ ከጠፋሁ ቤቱ ባዶ ነው።

ሎሬን በመጋቢት አንገቷን ተከፈተች።
እንቅርቱን አወጡላት፤ ጠባሳውን በሰማያዊ ሻሽ አሰረች፤
ነሐሴ ላይ መጣች፣ ማይኩን ጨብጣ ሞከረች።
ድሮ እንደ ልቧ የምትወጣው ሰገነት
ደረጃው ተነቅሎ ጠበቃት።
"ዝቅ አድርጉልኝ" አለች፤ ዝቅ አደረግንላት።
"ትንሽ ደግሞ" አለች፤
እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ዓይኗን ከኛ አሸሸች።
ኪቦርዱ ወረደ፤ ጊታሩም ተከተለ፤
የኔ ጣት ወርዶ ወርዶ ሚ ላይ ደርሶ ተንጠለጠለ።
ከሚ በታች ክር የለኝም። የቀረኝ መዝለል ነው፣ ወደ ላይ።
ስዘል ጊዜ ምን ሆነ?
ወለሉ ሆነ ከዘፋኟ ራስ በላይ።

ስቶኒ ክሪክ፣ አንድ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም
ባለ ስድስት ክር ቤዝ ገዝቶ "ሳልጀምረው አረጀሁ" አለኝ፤
ሣጥኑን ከፈተና ጥርሴን ሊያይ ይመስል ጠጋ ብሎ አየኝ።
ዘጠኝ መቶ ዶላር ቆጠርኩ። አልቀነሰም፤ እኔም አልተከራከርኩም።
ቪቶ ሲያየው ዱላውን ጣለ፤
"ይሄ ጊታር ነው ወይስ የተነቀለ በር?" አለ።
እኔም በልቤ፣ ስድስት ክር ለክራር እንጂ ለቤዝ ምን ያደርጋል፣ እል ነበር፤
ክራሩስ ብብት ይገባል፤ ይሄ ትከሻ ይሰብር ነበር።

"የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ።"
አውራ ጣቴ ማረፊያውን ሳያይ ነው የሚሄድ፤
የመጀመሪያው ክር ላይ ጋደም ይላል፣ ሚ መስሎት እንደ ድሮ።
ሲ ነው።
ምድር ቤቱ ያጓራል። መደርደሪያው ላይ ብርጭቆ ከብርጭቆ ይላተማል፣
እልፍነሽ ከላይ ሆና ወለሉን በተረከዟ ትደበድባለች።
አንዱን ክር ስነካ፣ ያልነካኋቸው አምስቱ አብረው ያወራሉ፤
አንዱን በመዳፌ ሳፍን፣ ሌላውን በትንሿ ጣቴ፣ ሦስተኛው ያመልጣል።
በሃምሳ ሦስት ዓመቴ፣ በሌሊት፣ እንደ ቄስ ተማሪ ሀሁ እላለሁ፤
የግራ እጄን አንጓ በበረዶ ከረጢት ጠቅልዬ እተኛለሁ።

ኅዳር ላይ በረዶ ጣለ። ክበቡ ውስጥ አሥራ ሰባት ሰው፣
ከነካፖርታቸው።
ሎሬን ያለ ሻሽ ወጣች።
ድምጿ አሁን ጠጠር አለበት፣ እንደ ሐይቁ ዳር፤
ሦስተኛው ዘፈን ላይ ወደ ታች ስትሄድ አብሬ ወረድኩ፤
ሚን አለፍኩ፤ ሬን አለፍኩ፤ ዶ ላይ አረፍኩ።
ሁለት ኖታ ስቻለሁ፤ አልዋሽም።
ግን የአንዱ ሽማግሌ ቢራ ቀለበት ቀለበት ሲሠራ አየሁ፤
የእግሬ መዳፍ ነገሩን ከጆሮዬ ቀድሞ ሰማው።
ሎሬን ዞር አለች።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንሠራ ወደኔ ዞራ አታውቅም።
ፈገግ አላለችም፤ ብቻ ክብደቷን ከአንድ እግር ወደ ሌላው አዛወረች፣
ሰው ወንበሩ ይችለኝ እንደሁ ብሎ እንደሚፈትነው፤
ከዚያ ተቀመጠችበት።

ቀጭኗን ክር፣ በወዲያ ጫፍ ያለችውን፣ እስካሁን ሥራ አላገኘሁላትም።
ዓርብ ዓርብ ከእህቶቿ እኩል እወለውላታለሁ፤
ትጮኻለች እንጂ አትናገርም።
እልፍነሽ ሒሳብ ታውቃለች፤
"ነጥለህ ሽጣታ" ትላለች፣
"መቶ ሃምሳ ዶላር ናት።"