ዛፉ ይገመታል

ቅዳሜ ማለዳ፣ ከቱሉ ዲምቱ አፋፍ፣
ሲሚንቶ የጫኑ መኪኖች ሲያልፉ በደጃፍ፣
አርባ ገማች ነበርን፤ በረድፍ በረድፍ ሰፈርን፤
ለፈቃድ እድሳት ስምንት ሰዓት ቆጠርን።

ጠበቃዋ ስንዱ ሕጉን በብርሃን ግድግዳው ላይ ለጠፈች፤
አንቀጽ ከነቁጥሩ እንደ ምስር ለቀመች።
«መሬት አይሸጥም፤ መሬት አይለወጥም፤
ገማች ከአፈሩ በታች ዋጋ አይቆፍርም፤
ቤቱን፣ አጥሩን፣ ጉድጓዱን፣ የጸደቀውን ተክል፣
ላይ ላዩን ነው እንጂ ውስጡን አትንኩ» ስትል፣
ከኋላ ረድፍ ሳቅ አፈተለከ፤
«ላይ ላዩንማ ኖርንበት» አለ ጎረቤቴ አገጩን እያከከ።

እኔ አልሳቅሁም።
ከኪሴ ውስጥ ሜትሬ ተጠቅልሎ ተኝቷል፤
የሐሙስ ዕለቱን አፈር በጥርሱ ይዟል።

ከአቃቂ ወንዝ ወዲህ፣ መንገዱ በሚሰፋበት፣
የአዴ በቀሉ ግቢ፤ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት፤
ጣሪያው ሦስት ዓይነት ቀለም፣ ሦስት ዕቁብ የወጣበት፤
ከበላዩ ግራር፣ ክንዱን የዘረጋበት።
«ጨረቃ ቤት ይሉታል፤ የት አለ ጨረቃው?
ቅጠሉ ሸፍኖን፣ በኩራዝ ነው የተመረገው ጭቃው።»

ሰነድ አልኳት። ከፍራሽ ሥር ፌስታል መዘዘች፤
የመብራት ደረሰኝ፣ የዕድር ደብተር፣
የልጇን የክትባት ካርድ አልጋው ላይ ደረደረች፤
«ይህ ሁሉ ወረቀት፣ እዚህ ነበርሽ አይልም?» አለች።

ይላል። ቅጹ ግን አይልም።
ቅጹ የሚያምነው ከላይ የታየውን ነው፤
በዚያ ዓመት አውሮፕላን ከሰማይ ያነሳውን ነው።
የአየር ካርታውን ዘርግቼ በጣቴ ዳሰስኩ፤
ወንዙን አገኘሁት፤ የከብት መንገዱን አገኘሁ፤
ቤቷ ካለበት ስደርስ
አንድ ክብ ጥቁር ነገር፣ የግራሩ ጥላ።
ከዚያ ክብ ሥር ሰባት ነፍስ ተኝቶ ነበር፤ ሌላ
ምስክር የለም።
ፀሐዩን ከልክሎ፣ በረዶ መክቶላት፣
ጥላ ሆኖ ያኖራት፣ ጥላውን ጣለባት።

እናም እጄን አወጣሁ፣ ከአዳራሹ መሀል፤
«ከዛፍ ሥር ያለ ቤት፣ ከላይ ካልታየ፣ ምን ይባላል?»
ስንዱ መነጽሯን አወለቀች፤ ጠረገች፤ መልሳ አደረገች፤
መስታወቱ ንጹህ ነበር። ከዚያ መለሰች፤
«ዛፉ ይገመታል። ቤቱ አይገመትም።
አቤት ማለት የእሷ ነው፤ ገማች ዳኛ አይደለም።»
አርባ እስክሪብቶ ጎንበስ አለ። አርባ ደብተር ጻፈ።
አንድ መኪና በውጭ ግድግዳውን እያንቀጠቀጠ አለፈ።

በዕረፍት፣ ሳንቡሳ ተይዞ፣ ሰው ሁሉ ስለ አበል ሲያወራ፣
አጠገቤ መጣች፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ዞር ዞር ብላ ፈርታ፤
«ከቅጹ ግርጌ ማስታወሻ የሚባል አለ፤
ማንም አይሞላውም፤ ሁለት መስመር ነው» አለችኝ። ሻዩዋን ሳትጨርስ ሄደች።

ሰኞ ተመለስኩ። ግራሩን አቅፌ ወገቡን ለካሁ፤
ቁመቱን ገመትኩ፤ የቅርንጫፉን ግርማ በብር አሰላሁ፤
በቀሉ ከደጅ ቆማ፣ ለልጇ ስትናገር፣ ጆሮዬን ሳልሰጥ ሰማሁ፤
«እኛን የሚለካ መስሎኝ፣ ለካ ዛፉን ለካ።»

ባለይዞታ ከሚለው ፊት በቀሉ ብዬ ጻፍኩ፤
ቢሮ ተቀምጦ የሚያነበው ስለ ዛፎች መስሎት ያልፈው ይሆናል።
የምስክር ወረቀቴ በፍሬም ገብቷል፤ ማኅተሙ ያብረቀርቃል፤
ዓይኔን ግን ያሰለጠነኝ ያ ጥቁር ክብ ነው፤
ከላይ ያልታየውን ጎንበስ ብዬ አየሁ።

ከግርጌ፣ ከሁለቱ መስመር በመጀመሪያው፦
ከዛፉ ሥር ቤት አለ።
በሁለተኛው፦
ገብቼ ለክቼዋለሁ። ስድስት በአራት ተኩል።