ለስንቴ ልንገርሽ

(በማድረቂያው ማሽን ክዳን ላይ የተለጠፈ)

በምድር ቤታችን ውስጥ፣ ከማሞቂያው ኋላ
ለምትኖረው ለአንተ፣ ሰው ብትሆን ጥላ፦
እንዴት ከርመሃል ግን? እኔማ ደህና ነኝ፣
ከግራ እግሬ በቀር፤ እሱ በረደኝ።
ሳስካቱን በጥር ወር፣ ወንዙ ድንጋይ ሆኖ፣
አፍንጫ ሲሸሸግ በሻርፕ ተሸፍኖ፣
ባለ ነጥቧን ካልሲ ከማድረቂያው ሆድ
አንዷን ብቻ መስረቅ ምን ይሉታል? ጉድ!
አባዬስ ይለኛል «የሞተ አይመጣም»፤
ማሽኑ ካልሲዬን ዋጠ ቢሉ አላምንም።
መልሳት በሰላም እስከ ነገ ማታ፣
አለበለዚያ ግን ለእማዬ አቤቱታ!
— ማኅደር፣ ሦስተኛ ክፍል

(በምድር ቤቱ መስኮት፣ በውርጭ ላይ በጣት የተጻፈ)

ለተከበርሽው ለወይዘሪት ስንቴ ልንገርሽ፦
ሰላምታዬ ይድረስ፣ ከነታናሽ ወንድምሽ፣
ከነአቶ ተው አልኩህ።
ካልሲሽ እኔ ጋ ናት፤ አልክድም፣ ወሰድኳት፤
እግር ስለሌለኝ ቆብ ነው ያደረግኳት።
አማርኛዬ ቢያንስ ይቅርታ አድርጊልኝ፣
በቧንቧው ስንጥቅ ነው ትምህርቱ የደረሰኝ።
እናትሽ ሲቆጡ ሦስት ዓመት ሰማሁ፣
«ተነሽ»ና «ተይ»ን አንድ ሳልስት አጠናሁ።
በታላቅ አክብሮት ልሰናበትሽ፦
«ወግጂ ከፊቴ! እጅሽን ታጠብሽ?»
— ኤልመር ሃልቨርሰን፣ በሕይወት ሳለሁ የባቡር ትኬት ቆራጭ

(በሒሳብ ደብተር ቅጠል፣ አራት ቦታ የታጠፈ)

ጋሼ ኤልመር፣ በሳቅ እርሳሴ ተሰበረ!
«ስንቴ ልንገርሽ» ስም ሆኖ የት ነበረ?
ማኅደር ነኝ እኔ፤ ወንድሜም ያፌት ነው፣
(ምንም እንኳን በእርግጥ «ተው አልኩህ» ቢስማማው)።
ካልሲዋን ለራስህ መርቄልሃለሁ፤
ግን ትናንት ሌሊት ለቅሶ ሰምቻለሁ።
ማን አስፈራህ እንዴ? እኔ እንደማውቀው
የሚያስፈራው ሙት ነው፣ የሚፈራው ሰው።

(በወለሉ ላይ፣ በአቧራ የተጻፈ)

ውድ ስንቴ ልንገርሽ
(ስሙን ወድጄዋለሁ፤ አልቀይረውም)፦
ያ የሚያገሣው አውሬ፣ ቱቦ አፍንጫው፣
ቅዳሜ ቅዳሜ አባትሽ የሚነዳው፣
ቫኪዩም የምትሉት፣ ፉት አለኝ እንደ ወተት!
ሦስት ቀን ከረምኩኝ በዚያ ጨለማ ከረጢት፣
ከፀጉር፣ ከሌጎ፣ ከደረቀ አተር ጋር፤
ይኸው ሳስነጥስ ነው እስካሁን የማድር።
ምስጢር ልጨምርልሽ፤ ለማንም አትናገሪ፦
ጨለማ ያስፈራኛል። ሳቂ! አትደናገሪ!
ሞቼም አልለቀቀኝ። መብራት ተይልኝ፣
(«ማን ይከፍልልሻል!» ብለው ባይቆጡኝ)።
— ያው ኤልመር

(በዳይኖሰር ቅርጽ የሌሊት መብራት ሥር፣ በጥቅምት ማብቂያ)

መብራቱ የያፌት ነው፤ አዋሰህ በግድ።
ነገ ሃሎዊን ነው፤ ና አብረን እንሂድ።
በዚያች ማታ ማንም አይሮጥም አይቶህ፤
ለምርጥ መንፈስ ዋንጫ አለ፤ ማን ይበልጥህ?
— ማኅ… እሺ፣ ስንቴ ልንገርሽ

(በከረሜላ ልጣጮች ጀርባ፣ በሚንቀጠቀጥ ጽሕፈት)

ሦስተኛ! ሦስተኛ! ይኼ ፍርድ ነው ወይ?
ሰማንያ ዓመት ሙሉ ሞቼ ኖሬ የለም ወይ?
ጉንፋን አልጋ ላይ ጥሎሽ ላመለጠሽ ወሬ፣
ይኸው እጽፋለሁ፣ እያረርኩ፣ አምርሬ።
አንደኛ የወጣው፣ አንሶላ ለብሶ ያፌት!
ሁለተኛዋ ደግሞ፣ ዱባ የለበሰች ድመት።
ግድግዳ አልፌ ገባሁ፤ «በር አለ» አለችኝ፤
ጭንቅላቴን አወለቅሁ፤ «ሕፃን አለ» አለችኝ፤
ዳኛዋ በመጨረሻ፣ መነጽሯን አውልቃ፣
«ጥሩ ሙከራ ነው፤ አያሳምንም በቃ።»
ያፌት ግን ጎበዝ ነው፤ ካገኘው ከረሜላ
ግማሹን አካፈለኝ። አልቻልኩም ልበላ፤
በሆዴ እያለፈ ወለል ላይ ወደቀ፣
እሱም ያንን ለቅሞ እየበላ ሳቀ።
እኔም ሳቅሁ። ከሞትኩ ወዲህ መጀመሪያዬ ነው።

መብራቱን አልመልስም። ሌላዋንም ካልሲ
ላኪልኝ፤ ብርዱ መጣ፤ አንድ ቆብ አይበቃም።
ደግሞ በቧንቧው ስትስቂ ይሰማኛል፤
እኩለ ሌሊት ሆኗል። ተኚ!
መብራትሽን አጥፊ፣ (የኔን ሳይሆን የራስሽን)፤
አልሰማሽም እንዴ?
ስንቴ ልንገርሽ?