የነጥብ ዋጋ

ጃባልፑር፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣ ከካውያ ጋሪው ላይ
ሁለት ደብዳቤ አለ፤ ነፋስ እንዳያነሳው
የበረደው ካውያ ተጭኖታል።

አንደኛው ከሙምባይ፦
ስሙን የሰማ ሁሉ ወንበር የሚለቅለት የንግድ ኮሌጅ።
«ተቀብለንሻል» ይላል፤ ክፍያው ግን ሙሉ፣
ለነፃው ዕድል አንዲት ነጥብ ጎድሏታል።
ሁለተኛው ከራይፑር፣
ግድግዳው ገና ኖራ ኖራ ከሚሸት፦
«በውጤትሽ ብቻ፣ ከነመኝታሽ፣
ቤሳ ቤስቲን አትከፍዪም።»

«አንዲት ነጥብ እኮ ናት፣ አባ! ምን አላት?»
ዳሞዳር ከሰሉን ቆሰቆሰ።
«ነጥብማ አውቃለሁ።
የዳኛውን አንገትጌ የነካች ፍንጣሪ
የምስር ፍሬ አታክልም ነበር፤
የአሥራ አንድ ቀን ገቢ በላች።»

ቫይዴሂ ብድሩን በሸሚዝ አሰላችው፣
ሸሚዙን በስምንት ሩፒ፦
ሁለት መቶ ሃምሳ ሺህ ሸሚዝ።
እጁን አየች።
ለራይፑር «እሺ» ብላ ጻፈች፣
የሙምባዩን ጨብጣ ልትጥል ስትል

ተቀበላት። ዘረጋው፤
ለብ ባለ ካውያ ጭምድዱን አቀናው፣
በቀስታ፣ እንደ ሙሽራ ልብስ።
«ይኼም ይቀመጥ» አላት፣
«ስምሽን አሳምረው ጽፈውታል።»