መስመር ሰባት

ታላቁ ሐይቅ ሲረጋ፣ ውሃው ሲሆን ድንጋይ፣
በየካቲት ውርጭ፣ በተንደር ቤይ ሰማይ፣
ማርያታ ኮይቩላ፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ፣
ቅጽ ትሞላለች፤ ቀዝቅዟል የሷ ሻይ።
እኩለ ሌሊት ሲሆን በሩ ይዘጋል አሉ፤
የገንዘቡን በር ነው። የኛማ ክፍት ነው ሌሊቱን በሙሉ።

"የድርጅቱ አድራሻ?" የመጀመሪያው ጥያቄ።
እዚህ ቤት የሚያድሩ ሁሉ ከአንድ ሰው የሸሹ ናቸው፤
አድራሻችን በካርታ የለም።
የፖስታ ሣጥን ቁጥር ጻፈች።
"ስንት አልጋ አላችሁ?"
አሥራ አራት።
"በአንድ ሌሊት ስንት ሰው ታሳድራላችሁ?"
አሥራ ዘጠኝ።
ቅጹ ቀላ። "እባክዎ ቁጥሩን ያስተካክሉ።"
ሶፋው የት ይጻፍ? ልብስ ማጠቢያው ክፍል የተነጠፈው ፍራሽ?
በሕፃን አልጋ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ያደረችው መምህርት?

እኔ ዴልማ ነኝ።
ዘበኛ አይደለሁም፤ ነርስም አይደለሁም፤
ደወል ሲጮህ የምነሣ፣ በቀዳዳ አይቼ የምከፍት፣
በበጀቱ ሠንጠረዥ ላይ ስሜ "መስመር ሰባት"።
መስመር አንድ መዝጊያ ነው፣ ሁለት ካሜራ፣
ሦስት የመስኮት ብረት፤ አራት ማሞቂያው ነው፣
እንደ ሽማግሌ የሚያስለው፣ ሌሊት በየተራ።

"ደኅንነትን በምን ትለካላችሁ? ከአምስት መቶ ፊደል ሳይበልጥ።"
ማርያታ ወደኔ ዞረች። "በምን እንለካለን?"

እኔ የማውቀው መለኪያ አንድ ነው።
ኅዳር ላይ የመጣ ልጅ ነበር፣ ሮሪ የሚሉት፣ ስድስት ዓመቱ፤
ከነቡትስ ጫማው ነበር የሚተኛ፣
ክሩን በድርብ አስሮ፣ አልጋ ላይ መንገደኛ።
እናቱ ልታወልቅለት ስትል እግሩን ይሰበስባል፤
"ሊመጣ ይችላል" ይላል፤ ከዚያ ዝም ይላል።
አንድ ሌሊት፣ ሁለት ሌሊት፣ አሥራ አንድ ሌሊት፤
በአሥራ ሁለተኛው ጫማውን አየሁት፣
ከአልጋው ሥር፣ ጎን ለጎን፣ ክሩ ተፈትቶ፤
ልጁ ያንኮራፋል፣ አንድ ባዶ እግሩን ከብርድ ልብስ አውጥቶ።

"እሱን ጻፊው" አልኳት።
ጻፈችው። ረዘመ። ስድስት መቶ አርባ ፊደል።
ቅጹ አምስት መቶው ላይ ቆረጠው፤
"ልጁ ጫማውን" ብሎ ዝም አለ።

ያኔ ደወሉ ጮኸ። ለእኩለ ሌሊት ሩብ ጉዳይ ነው።
ከፈትኩ።
አንዲት ሴት፣ በአንድ እግሯ ቡትስ፣ በሌላው ነጠላ ጫማ፣
ቅንድቧ ላይ በረዶ፣ መዳፏ ውስጥ ቁልፍ፣
ዳግም የማትከፍተው የገዛ ቤቷ ቁልፍ።
ታክሲው ሞተሩን ሳያጠፋ ሒሳቡን ይጠብቃል።
ማርያታ ከኪሷ ከፈለች።
(ለዚህም መስመር የለውም።)
ከዚያ ተመልሳ አሥራ ዘጠኙን ደለዘች፤
ሃያ አለችው።
ቅጹ እንደገና ቀላ። እንደ ቀላ ላከችው፣
ሁለት ደቂቃ ሲቀር።

ግንቦት ላይ፣ በረዶው ሲሰበር፣ መልስ መጣ።
"እንኳን ደስ አላችሁ" ይላል።
መዝጊያው ተፈቀደ። ካሜራው ተፈቀደ።
የመስኮቱ ብረት ተፈቀደ።
ማሞቂያው በከፊል (በየትኛው ከፊል እንደሚሞቅ አልተገለጸም)።
መስመር ሰባት፦ "ይህ ገንዘብ ለደመወዝ አይውልም።"
በሩን ለሚዘጋው ከፈሉለት፣
በሩን የምትከፍተውን ተዉአት።
ማርያታ ሁለቴ አነበበችው፣ በአራት አጠፈችው፣
የሚያነክሰው ጠረጴዛ እግር ሥር ልትሸጉጠው ጎንበስ ብላ
መልሳ ዘረጋችው፤
ለኦዲተሩ ያስፈልጋል።

አዲሱ መዝጊያ ያብረቀርቃል፤ አራት ቁጥር ይጠይቃል።
"ምን እናድርገው?" አለችኝ፤ ሠራተኛው መፍቻውን ይዞ ይጠብቃል።
አንድ፣ አራት፣ ሁለት፣ ዜሮ፣ አልኳት።
አሥራ አራት አልጋ፣ ሃያ ነፍስ።
አልሳቀችም። በአንድ ጣቷ ተጫነችው።
ይኼኛው አልቀላም፤
አረንጓዴ በራ።

ከሰኞ ወዲያ፣ ሌሊት ደወል ሲጮህ፣
ማን እንደሚከፍት ገና አልተነጋገርንም።