አንድ ሳፋ ውሃ

ጥር ነው፤ ጠራራ ነው፤ ከደምበጫ በላይ
ደመና የሌለው ጥርት ያለ ሰማይ።
አንጓች ግን ስትመጣ በፕላስቲክ ቦት
ሐምሌ ይመስል ነበር እሷ ያለችበት።
«ጭቃው የት አለ?» ይላል የኋላው ወንበር፤
ክፍሉ ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር።
አንድ ዴስክ ለሦስት ነው፤ ክርኗ ክርኔን ሲነካ
መሳቄን በጎኗ ታውቀው ኖሯል ለካ።

እናቷን አውቃለሁ። ከገበያው ጥግ ላይ
በርበሬ ትሸጣለች ከሰው ራቅ ብላ፣
እግሯን በነጠላ፣ በጆንያ ከልላ።
«ዝሆኔ ነው» ይላሉ፤ «ዘር ነው፤ አይለቅም፤
ከዚያ ቤት ያገባ ደህና ልጅ አይስምም።»
የታላቋን ጥሎሽ ይዘው የመጡት
እናቷ ስትነሣ እግሯን አዩት።
ጠላው በየዋንጫው እንደሞላ ቀረ፤
ከዚያ ሰሞን ወዲህ ነው ቦቱ የጀመረ።

እኔ ምን አገባኝ? የኛ ቤት ደህና ነው።

በዓመቱ፣ በኅዳር፣ በርበሬ ለቀማ
ቀዩን አፈር ስረግጥ ከረምኩ ያለጫማ።
አንድ ሌሊት ነቃሁ። ግራ እግሬ ይነዳል፤
በጣቶቼ መሐል ይበላል፣ ይበላል።
ማታ ማታ ያብጣል፤ ሲነጋ ይጎድላል።
ለእናቴ አልነገርኩም። ለማን ይነገራል?
ጤና ኬላችን ላይ ቁልፍ ነው ያለው፤
ባለሙያዋ አንድ ናት ለሦስት ቀበሌው።

ሲመሽ፣ ሰው ሳያየኝ፣ በባሕር ዛፉ ሥር
አልፌ ቆምኩኝ ከሳቅሁባት ልጅ በር።
አንጓች ወጣች። አየች። ፊቴን ሳይሆን እግሬን።
ምንም አላለችም። ዱካ ጎተተች፤
ሳፋውን ወደ እኔ ገፋ አደረገች።

«ሳሙናውን ቀስ በይ፤ ወር ማድረስ አለበት።
በጣቶችሽ መሐል። አዎ፣ እዚያ ጋ።
በደንብ አድርቂው። ቫዝሊን። ካልሲ። ጫማ።
ጠዋትም፣ ማታም። የሰለቸሽ ቀንም።
እርግማን አይደለም አለች ሲስተር ቀጸላ፤
አፈሩ ነው፤ ቆዳ ውስጥ እየገባ የሚበላ።
የእማዬም፣ በስንት ዘመኑ፣ ቀለል ብሏታል።
ቦቴ ላንቺ ያስቃል፤
ለኔ አጥሬ ነው።»

ውሃው ቀላ። የማን እግር አፈር እንደሆነ
አልለየንም። ይቅርታ ልላት አፌን ከፈትኩ፤
«ሌላውንም አምጪ» አለችኝ፤ ቀኙን አመጣሁ።

አባቴ በርበሬውን ሸጦ ጫማ እስኪገዛ
ሁለት ገበያ አለፈ፤ ሦስተኛው ላይ ያዘ።

«ጭቃው የት አለ?» አለ ሰኞ የኋላው ወንበር፤
አሁን ቦቱ የሁለት ነው፤ ሳቁም ጨምሮ ነበር።
አልሳቅሁም። ጎንበስ ብዬ ቆጠርኩ ከዴስኩ ሥር፦
አሥራ አራት ባዶ እግር።